«እግዜር የሰጠሽን ጨጓራ ልታስቆርጪ ነው?»

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 37 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ። ልጅ የለንም፣ ግን በጣም እንፈልጋለን። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ 112 ኪሎ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ቀጭን ነበርኩ። ይኼ ሁሉ የመጣው እዚህ በኖርኩባቸው 12 ዓመታት ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ስኳር አለብሽ ተብዬ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ቃር ያሠቃየኛል። በሦስት ትራስ ነው የምተኛው።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። አንድ ጊዜ 15 ኪሎ ቀንሼ ሰው ሁሉ አጨብጭቦልኝ ነበር። በዓመቱ 20 ጨምሬ ተመለስኩ። አሁን ሐኪሜ «ክብደት ለሚቀንስ ቀዶ ሕክምና ብቁ ነሽ» ብላ ወደ ስፔሻሊስት ላከችኝ። እዚያ ገለጻ ተደረገልን። ስሊቭ፣ ባይፓስ፣ ስዊች፣ ባሉን፣ ሪቪዥን… እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ ለዚህ ግን አልበቃኝም። አንገቴን እየነቀነቅኩ ወጣሁ።

አንዷ ጓደኛዬ ስሊቭ አሠርታ በጣም አምሮባታል። «ከክብደትሽ 60 በመቶውን ያወርድልሻል፣ አድርጊና ተገላገይ» ትለኛለች። ኢስታንቡል ሄዶ በርካሽ ማሠራት እንደሚቻልም ነግራኛለች። እናቴ አዲስ አበባ ናት። በስልክ ስነግራት «እግዜር የሰጠሽን ጨጓራ ልታስቆርጪ ነው? ጠበል ተጠመቂ፣ ይለቅሻል» ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ «አንቺ የወሰንሽው ይሁን» ይላል፣ ግን ፊቱ ላይ ፍርሃት አያለሁ። እኔም ብቻዬን ስሆን፣ ይኼ ሁሉ የራሴ ስንፍና ነው እላለሁ። የቱ ይሻለኛል? ላድርገውስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

*

እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ «አንገቴን እየነቀነቅኩ ወጣሁ» ያልሽው ልቤን ነካኝ። ይኼ በስንቶቻችን ላይ ደርሷል! ሐኪሙ ያስረዳል፣ እኛ «እሺ፣ እሺ» እንላለን፣ ቤታችን ስንገባ ምን እንደተባልን አናውቀውም። ስለዚህ መጀመሪያ ቃላቱን አብረን እንፍታቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ውሳኔው ያንቺና መርምሮ የሚያይሽ ሐኪም ነው። ግን ምንነቱን ያላወቅሽውን ነገር እንዴት ብለሽ ትመርጫለሽ?

ከዚያ በፊት ግን፣ ያቺን «ስንፍና» የምትል ቃል ወዲያ እናድርጋት። 15 ኪሎ መቀነስ የቻለ ሰው ሰነፍ አይደለም። ሰውነት ክብደት ሲቀንስ ረሃብ የገባ ይመስለዋል። የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል። ጉልበት ማቃጠሉንም ይቆጥባል። የሌሊት ሥራ ደግሞ እንቅልፍንም የምግብ ፍላጎትንም ያዛባል። አንቺ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ስትታገይ የኖርሽው ከዚህ ጋር ነው። ሐኪምሽ ብቁ ነሽ ያለችሽም የምትለካበት ቁጥር ስላላት ነው። ቢኤምአይ ይሉታል። ክብደትሽን በኪሎ ይዘሽ ለቁመትሽ በሜትር ታካፍያለሽ፣ የመጣውን እንደገና ለቁመትሽ ታካፍያለሽ። ያንቺ 42 ገደማ ይመጣል። በ1991 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የቆየ መመሪያ 40 የደረሰ ወይም 35 ሆኖ ስኳርን የመሰለ ሕመም ያለበት ይሠራለት ይል ነበር። በ2022 ደግሞ ሙያተኞቹ ዝቅ አድርገውታል። በየትኛውም ብትለኪ አንቺ ውስጥ ነሽ።

በይ አሁን ወደ ስሞቹ።

ስሊቭ በእንግሊዝኛ እጅጌ ማለት ነው። ጨጓራ እንደ ከረጢት ሰፋ ያለ ነው። ሐኪሙ በቁመቱ ይቆርጠውና ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን አውጥቶ ይጥለዋል። የቀረው በስቴፕል ይዘጋል። እንደ ሸሚዝ እጅጌ ቀጭን ቱቦ ሆኖ ይቀራል። አንጀት አይነካም። ከሚወጣው ክፍል ጋር ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጭበት ቦታም አብሮ ይሄዳል። ጓደኛሽ «አይርበኝም» ብላሽ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። የወጣው ግን ወጣ፣ አይመለስም።

ባይፓስን ከመንገድ ታውቂዋለሽ። መኪናው ከተማው ውስጥ ሳይገባ በጎን የሚያልፍበት መንገድ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ሐኪሙ ከጨጓራው አናት ላይ ከእንቁላል የምታንስ ትንሽ ከረጢት ለይቶ ያስቀራል። ከዚያ ትንሹን አንጀት ቆርጦ አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ያመጣና ከዚያች ከረጢት ጋር ያገናኘዋል። ምግቡ ትልቁን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ሲገጣጠም ዋይ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ይመስላል። ሩ-አን-ዋይ ሲሉ የሰማሽው ለዚህ ነው። ሩ የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም የሴዛር ሩ ስም ነው። ባይፓስን ለውፍረት መጀመሪያ የሠራው ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ነው፣ በ1966። እናትሽ ሰው ላይ አዲስ ነገር እየተሞከረ ከመሰላቸው ይህችን ዓመት ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ልብ በይ። በስም ሲሰማ ቀለል የሚለው ስሊቭ ነው። ባይፓስ ያስፈራል። ነገር ግን ጨጓራ ከሆድ ወጥቶ የሚጣለው በስሊቭ ነው። በባይፓስ መንገዱ ይቀየራል እንጂ ጨጓራው እዚያው ሆድሽ ውስጥ ይቆያል። «ሪቨርሲብል» የሚሉት፣ ወደ ነበረበት መመለስ የሚቻል ማለት ነው። ባይፓስ ከባድ ቢሆንም በግድ ካስፈለገ ሊመለስ ይችላል። ስሊቭ አይመለስም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። ባንድ የጨጓራን አናት ጠበቅ የሚያደርግ የሲሊኮን ቀለበት ነው። ከቆዳ ሥር በተቀበረች ቀዳዳ ውኃ እየጨመሩ ያጠብቁታል። ዛሬ እምብዛም አይሠራም፣ ብዙዎቹም ተመልሰው ወጥተዋል። ባሉን ቀዶ ሕክምና አይደለም፣ ጨጓራ ውስጥ የሚነፋ ፊኛ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ይወጣል። ሚኒ ባይፓስ ሁለት መጋጠሚያ በማበጀት ፋንታ አንድ ብቻ ያለው ነው፣ ሐሞት ወደ ላይ ሊመለስ ስለሚችል ቃር ላለበት ሰው በጥንቃቄ ነው የሚታየው። ዱዎዲናል ስዊች ስሊቭም አለው፣ ረጅም የአንጀት ቅየራም አለው። ክብደት በመቀነስ ከሁሉም ይበልጣል፣ ቪታሚንና ፕሮቲን በማጉደልም ይበልጣል። ላፓሮስኮፒ የሚሉት የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ሳይሆን አሠራሩ ነው። ሆድ ሰፊ ተደርጎ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ ይሠራል። ላይፖሰክሽን ደግሞ ከእነዚህ ዘመድ አይደለም። ከቆዳ ሥር ስብ ይመጠጣል እንጂ ስኳርሽን አያድንም።

አሁን ወደ አንቺ። ስለ ቃሩ በአንድ መስመር ጽፈሽ አልፈሽዋል። ለእኔ ግን የደብዳቤሽ ዋና ነገር እሱ ነው። ስሊቭ ጨጓራን ጠባብ ቱቦ ስለሚያደርገው ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። አሲዱ ወደ ምግብ ቧንቧ መውጣት ይቀለዋል። ቃር የነበረበት ሰው ሊብስበት ይችላል፣ ያልነበረበትም ሊጀምረው ይችላል። ባይፓስ በተቃራኒው ቃርን አብዛኛውን ጊዜ ያስታግሳል። ሪቪዥን የሚለውን ቃል አልገባኝም ብለሻል። አንዴ የተሠራውን እንደገና ማስተካከል ወይም ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ማለት ነው። ስሊቭ አሠርተው በኋላ ወደ ባይፓስ የሚቀየሩ ሰዎች አሉ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ቃር ነው። ጓደኛሽ ይኼን ያልነገረችሽ ደብቃሽ አይደለም። ምናልባት ቃር ስላልነበረባት አላሰበችውም። በሦስት ትራስ የምትተኚው አንቺ ነሽ።

ስኳሩም አለ። ሁለቱም ቀዶ ሕክምናዎች ስኳርን ይረዳሉ፣ ባይፓስ ትንሽ ይበልጣል። ስኳር ከጀመራቸው ብዙ ያልቆዩና ኢንሱሊን ያልጀመሩ ሰዎች የተሻለ ዕድል አላቸው። አንቺ ሁለት ዓመትሽ ነው፣ በኪኒን ነሽ። ይኼ ጥሩ ዜና ነው። ሐኪሞቹ ግን «ዳነ» አይሉም፣ «ሪሚሽን» ይላሉ። ያለ መድኃኒት በልኩ ሆነ፣ ግን ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም ለማለት ነው።

ባይፓስ የራሱ ዋጋ አለው። ጣፋጭ ነገር ስትበዪ ወይም ስትጠጪ ልብ ምት ይፈጥናል፣ ያልብሻል፣ ያዞርሻል፣ ተቅማጥ ይመጣል። ዳምፒንግ ይሉታል። ቪታሚን ዕድሜ ልክ ነው፣ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቪታሚን ዲ። ስሊቭም ቢሆን ቪታሚንና ክትትል አይቀርለትም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊቱን ቆመሽ ስታድሪ ለወገብሽ ወይም ለእግርሽ አይቡፕሮፌን ትውጫለሽ? ከባይፓስ በኋላ እሱና የመሰሉት መድኃኒቶች መጋጠሚያው ላይ ቁስለት ያመጣሉ። ሲጋራም እንደዚያው። የምትውጪ ከሆነ ከአሁኑ ንገሪያቸው።

ስለ 60 በመቶው ደግሞ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። «ኤክሰስ ዌይት» ይላሉ፣ ትርፍ ክብደት ማለት ነው። ለቁመትሽ ቢኤምአይ 25 የሚሆነው 66 ኪሎ ገደማ ላይ ነው። ከ112 ላይ 66 ሲነሳ 46 ኪሎ ትርፍ ይሆናል። 60 በመቶ የሚባለው የዚህ የ46ቱ ነው፣ 27 ወይም 28 ኪሎ። የ112ቱ ቢሆንማ 45 ኪሎ ሆነሽ ትቀሪ ነበር! ከዚያ በላይ የሚቀንስ አለ፣ ከዚያ በታች የሚቀንስም አለ፣ ከዓመታት በኋላ የተወሰነውን መልሶ የሚጨምርም አለ። እንግዲህ ራስሽን ጠይቂ። 84 ኪሎ ላይ ብትቆሚ፣ ግን ስኳሩ ቢስተካከልና በአንድ ትራስ ብትተኚ፣ ደስ ይልሻል? ወይስ ልብሽ ውስጥ ያለችው ከ12 ዓመት በፊት የነበረችው ቀጭን ልጅ ናት? መልሱ ምንም ይሁን አልፈርድብሽም። ግን ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባትሽ በፊት እወቂው።

ክብደት ስለሚቀንሰው መርፌ አልጻፍሽልኝም። እነ ኦዜምፒክ፣ ዌጎቪና ዜፕባውንድ ሌላ አማራጭ ናቸው። ክብደት ይቀንሳሉ፣ ሲያቆሙት ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ልጅ ስትፈልጉም ከእርግዝና በፊት መቆም አለባቸው። ስፔሻሊስትሽን «በመርፌው ልጀምር ብልስ?» ብለሽ ጠይቂ።

የልጅ ነገር ከተነሳ ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ሳያረግዙ መቆየት ይመከራል። ሰውነት በፍጥነት እየከሳ ጽንሱን መመገብ ይከብደዋል። አንቺ 37 ዓመትሽ ነው። ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ዝግጅት ወራት ይወስዳል። ሁሉም ተደምሮ 39 ላይ ያደርስሻል። በሌላ በኩል ክብደት ሲቀንስ የወር አበባ ይስተካከላል፣ የማርገዝ ዕድል ይጨምራል፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው የደም ግፊትና የስኳር ስጋት ይቀንሳል። ስለዚህ ነገሩ በሁለቱም በኩል ይመዝናል። እኔ ብሆን ቀን ከማስያዜ በፊት የማህፀን ሐኪም ጋ ሄጄ «እነዚህን ሁለት ዓመታት ብጠብቅ ምን አጣለሁ?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ላይ ብቻ መተማመን እንደማይመከርም ያዢ። ሌላ ዓይነት ይሰጡሻል።

የባለቤትሽ ፊት ላይ ያየሽው ፍርሃት ምን ይሆን? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት በማደንዘዣው ሳትነቂ የምትቀሪ መስሎት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ቁጥሩን ንገሪው። በዚህ ቀዶ ሕክምና ሰው የሚሞተው ከ1,000 አንድ ገደማ ነው፣ ሐሞት ከረጢት ከማስወጣት ብዙ አይርቅም። ምናልባት ደግሞ የልጁን ነገር እያሰበ ይሆናል። ወይም ከስተሽ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ ብሎ። «አንቺ የወሰንሽው ይሁን» የሚል ባል ጥሩ ባል ነው። ግን አንዳንዴ ይህች ቃል «ፈርቻለሁ፣ እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም» ማለትም ልትሆን ትችላለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሽው ሂጂ።

የኢስታንቡሉን ነገር በዋጋው ብቻ አትመዝኚው። እዚያም ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። ቀዶ ሕክምናው ግን የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፣ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው። ስፌቱ ቢያፈስ፣ ይኼ ደግሞ ቤት ከገቡ በኋላም ሊታይ ይችላል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነሽ ለማን ትደውያለሽ? ኢንሹራንስሽ የሚሸፍን ከሆነ እዚሁ ቢሆን እመርጣለሁ።

እናትሽን በተመለከተ፣ እንባቸው የሚገርም አይደለም። አገር ቤት ሰው ሲከሳ «ታመሽ እንዴ?» ነው የሚባለው። ውፍረት ድሎት ነው። «ጨጓራዬን ላስቆርጥ ነው» ስትያቸው የሰሙት መቆረጡን ብቻ ነው። እስቲ በሌላ በር ግቢ። «እማዬ፣ ስኳር ይዞኛል፣ ሌሊት አልተኛም፣ ልጅ ወልጄ ላሳይሽ እፈልጋለሁ» ብለሽ ጀምሪላቸው። ጠበሉንም እንቢ አትበያቸው። ጠበል ተጠምቆ ሐኪም ቤት መሄድን የሚከለክል የለም። ለጾሙም ቢሆን የንስሐ አባትሽን ቀድመሽ አማክሪ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል፣ ሆድሽ ደግሞ የሚይዘው ጥቂት ማንኪያ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ያለ ወተትና እንቁላል ይኼን መሙላት ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም። ምስሩና ሽሮው ለስለስ ብሎ ሲፈቀድልሽ ይረዱሻል። እንጀራ ግን በመጀመሪያ ሰሞን ሊከብድሽ ይችላል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚጀመረው። ውኃም ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል።

ክርስትና ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ «በሞቴ» እየተባለ የሚመጣውን ጉርሻስ? እሱን ከአሁኑ አስቢበት። ምክንያቱን ለሁሉም መንገር ግዴታ የለብሽም። «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበቃል። አጠገብሽ የምትቀመጥ፣ ነገሩን የምታውቅ አንዲት ሰው ግን ትኑርሽ። ጓደኛሽ እዚህ ላይ ትጠቅምሻለች። እሷ በዚህ አልፋለች።

የነገውን ደግሞ እንዲህ አድርጊ። የስፔሻሊስቱ ቢሮ ደውይና «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በይ። አሜሪካ ውስጥ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ማፈር የለም። ባለቤትሽ ወይም ጓደኛሽ እንዲያስተረጉሙ አታድርጊ። የሚያስፈራውን ሊዘሉብሽ ይችላሉ። ማዕከሉ በሙያው ማኅበር ዕውቅና የተሰጠው መሆኑን ጠይቂ። ከዚያ ስለ ቃሩ በደንብ ንገሪያቸውና «ከመወሰናችን በፊት ኢንዶስኮፒ ይታይልኝ» በይ። በካሜራ የምግብ ቧንቧሽንና ጨጓራሽን ያያሉ። ስሊቭ ወይስ ባይፓስ ለሚለው ጥያቄሽ ከእኔም ከጓደኛሽም የተሻለ መልስ የሚሰጥሽ እሱ ነው። ቃሉ ካልገባሽ «ሥዕል ሥራልኝ» በይው። ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪው። ጨጓራው የቱ ነው፣ የሚቆረጠው የቱ ነው፣ የሚቀረው የቱ ነው።

ያንን ወረቀት ይዘሽ ቤት ግቢና ለባለቤትሽ በአማርኛ አስረጂው። የኢንዶስኮፒው ውጤት ሲመጣ ደግሞ መልሰሽ ጻፊልኝ። የማህፀን ሐኪሟ ምን እንዳለችሽም አብረሽ ንገሪኝ።